ወለድ ከየት ይመጣል? በጣና ዳር ስለሚሰጥ አንድ የቅዳሜ ትምህርት

በባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ አንድ አጭር ትምህርት አለ። ርእሱ የካፒታልና የወለድ ንድፈ ሐሳብ በኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ ውስጥ ያለፈበት መንገድ ነው። አዘጋጁ አነስተኛ የግል ማስተማሪያ ሲሆን፣ ከሒሳብ አያያዝና ከኮምፒዩተር ሥልጠና ጎን ለጎን ይህን መሰል ርእስ ይዞ መቅረቡ ሊመሰገንበት ይገባል፤ በከተማችን የወለድ ነገር የሚነሣው ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ወይም የዕዳ መክፈያ ቀን ሲደርስ እንጂ፣ ወለድ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ለምን እንደኖረ ለመጠየቅ ሰው ተሰብስቦ ሲቀመጥ እምብዛም አይታይም። ትምህርቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል በእውቀቱም በአቀራረቡም የበሰለ ነው፤ የ20ኛውን መቶ ዘመን ክርክር የሚመለከተው የመጨረሻው ክፍል ግን ተጣድፎ የተሰጠ በመሆኑ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ተማሪው ለብቻው እንዲጋፈጠው ትቶታል።

የትምህርቱ ጥንካሬ የሚመነጨው ከአንድ ጥያቄ ነው። መምህሩ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ጻፈው፤ የጥንቱም የዘመኑም አሳቢ ሁሉ በዚሁ ጥያቄ ፊት እንዲቆም አደረገ። አንድ ሰው 100 ብር የሚያወጣ መሣሪያ ሥራ ላይ አውሎ ከዓመት በኋላ 110 ብር ሲያገኝ፣ ያቺ የ10 ብር ብልጫ ለምን በውድድር ተበልታ አትጠፋም? «ካፒታል ምርታማ ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ላይ አያዛልቅም፤ መሣሪያው በእርግጥ 110 ብር የሚያስገኝ ከሆነ፣ ገዢዎች ተሻምተው ዋጋውን 110 ብር ላይ እንዳያደርሱት የሚከለክላቸው ምንድን ነው? ጥያቄውን በዚህ መልክ አሹሎ ያቀረበው ኦስትሪያዊው ኦይገን ፎን ቦም-ባቨርክ ነው። ሦስት ጊዜ የአገሩ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ቅጽ ከእሱ በፊት የተነገሩትን የወለድ ንድፈ ሐሳቦች አንድ በአንድ እየጠራ መርምሯል፣ በ1889 ደግሞ የራሱን መልስ አክሎ አውጥቷል። የትምህርቱ ቅደም ተከተል ከሞላ ጎደል የእሱን መንገድ የሚከተል ሲሆን መምህሩም ይህን አልደበቀም። ይሁን እንጂ ዳኛው ራሱ ከተከራካሪዎቹ አንዱ በሆነበት ችሎት የሚሰጥ ፍርድ በጥርጣሬ መታየት እንዳለበት ተማሪው ቀደም ብሎ ቢነገረው መልካም ነበር።

የጥንቱ ክፍል አጭርና ጥርት ያለ ነው። አርስቶትል ገንዘብ ለመለዋወጫ የተበጀ ነገር ሆኖ ሳለ ከራሱ ከገንዘቡ ገንዘብ ማውጣትን ከማናቸውም የሀብት ማግኛ መንገድ ይልቅ ከተፈጥሮ የራቀ አድርጎ መቁጠሩ፣ በ13ኛው መቶ ዘመንም የካቶሊክ ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ ገንዘብ እንደ ወይንና እንደ እህል ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ስለሆነ የመጠቀሚያውን ዋጋ ከገንዘቡ ለይቶ ማስከፈል አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ እንደመሸጥ ነው ማለቱ ተብራርቷል። ከዚያም አበዳሪው በማበደሩ ጉዳት ከደረሰበት ካሳ ሊጠይቅ ይችላል የሚለው ልዩ ሁኔታ፣ ቀጥሎም ገንዘቡን ቢነግድበት ያገኘው የነበረው ትርፍ ቀረበት የሚለው ምክንያት፣ የተዘጋውን በር እንዴት በጥቂት በጥቂቱ እንደከፈቱት ታይቷል። መምህሩ እዚህ ላይ ሲናገር የሃይማኖት አባቶቹን አላቃለለም፣ የዘመኑ ሰው ስለሆነም አልተመጻደቀባቸውም፤ ይህ በእንዲህ ያለ ርእስ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ጨዋነት ነው።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ክፍል ነው። ፍትሐ ነገሥት በዚያው በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተጠናቀረ፣ በኋላም ወደ ግእዝ ተመልሶ በአገራችን ለዘመናት የሕግ ምንጭ ሆኖ ያገለገለ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ብድር፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስ የሚደነግገው ክፍል ከአኩዊናስ ጎን ቢቀመጥ ሁለት የክርስትና ዓለሞች ስለ አንድ ነገር በአንድ ዘመን ምን እንዳሉ ለማነጻጸር ያስችል ነበር። በመስኮቱ በኩል የብራና መጻሕፍት ግምጃ የሆኑ ገዳማት ያሉባቸው ደሴቶች በሚታዩበት አዳራሽ ተቀምጦ እንደ አኩዊናስ ስላሉ የፓሪስ ሊቃውንት ብቻ መስማት ትንሽ ይከነክናል። ብድር ወለዱ በጽሑፍ ካልተወሰነ 9 በመቶ፣ በስምምነት ሲወሰን ደግሞ ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ የደነገገው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም የተነሣው በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ፈረንሳዊው ቱርጎ ነው። ቱርጎ እ.ኤ.አ. በ1766 እንደጻፈው፣ ገንዘብ ያለው ሰው መሬት ገዝቶ ሳይሠራ ኪራይ ሊያገኝ ስለሚችል፣ ገንዘቡን ለእርሻ፣ ለፋብሪካ ወይም ለብድር እንዲያውለው ከተፈለገ ቢያንስ የዚያን ያህል ሊከፈለው ይገባል። ነገሩ ሲሰሙት ያሳምናል። ይሁንና በዓመት 5,000 ብር የሚከራይ መሬት ለዘላለም የሚያከራይ ሆኖ ሳለ ዋጋው 100,000 ብር ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሰው የወደፊቱን ኪራይ በ5 በመቶ ወለድ እያሰላ ስለሚገዛ ነው ከማለት ሌላ መልስ አይገኝም፤ ወለድን ያስረዳል የተባለው የመሬት ዋጋ ራሱ በወለድ የሚተረጎም ሆኖ ይገኛል። በአገራችን መሬት ስለማይሸጥ መምህሩ ምሳሌውን ወደ ቤት ኪራይ አዙሮታል፣ ሆኖም ቤት የሚያረጅ ነገር ስለሆነ ምሳሌው ለቱርጎ ሐሳብ ያን ያህል አልተመቸም።

የትምህርቱ ምርጥ ሰዓት የዓሣ አጥማጁ ሰዓት ነበር። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮሸር የካፒታልን ምርታማነት ያስረዳው በሚከተለው ታሪክ ነው፦ ሰዎች በእጃቸው ዓሣ እየያዙ ይኖራሉ፣ እያንዳንዱም በቀን 3 ዓሣ ያገኛል። ከመካከላቸው አንድ ብልህ ሰው 100 ቀን ሙሉ በቀን 2 ዓሣ ብቻ እየበላ አንድ አንዱን ያስቀምጣል። በተጠራቀመው 100 ዓሣ 50 ቀን ስንቅ አድርጎ ጀልባና መረብ ይሠራል፣ ከዚያም በቀን 30 ዓሣ ማጥመድ ይጀምራል። ይህ በጣና ዳር ሲነገር ባዕድነቱ ይጠፋል። በዓሣ አጥማጆች ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሥራ የሚሠሩ አንዲት ተማሪ እጃቸውን አውጥተው «መምህር፣ መቶ ቀን ሙሉ የተቀመጠው ዓሣ ቋንጣ ካልሆነ በቀር ይሸታል፤ እሱንስ እሺ ልበል፣ ታንኳው ራሱ እኮ ይበሰብሳል» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ መምህሩ ግን አልሳቀም። «እትዬ፣ ቦም-ባቨርክም ሮሸርን የያዘው እዚሁ ላይ ነው» ብሎ ጠመኔውን አነሣና ሒሳቡን ሰሌዳው ላይ አወረደው።

ከደንገል የተሠራ ታንኳ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ በየጊዜው ፀሐይ ላይ ካልደረቀ እንደማያገለግል፣ ቢደርቅም ዕድሜው አጭር እንደሆነ ሐይቁ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በቀን ከሚገኘው 30 ዓሣ ላይ በመጀመሪያ የታንኳውና የመረቡ መተኪያ መነሣት አለበት፣ ይህ ሳይነሣ የሚቆጠረው ሁሉ ጥቅል ገቢ እንጂ ወለድ አይደለም። መተኪያው ከተነሣ በኋላም ዋናው ጥያቄ አልተነካም። ጀልባውና መረቡ የ50 ቀን ድካም ናቸው፤ ያ ድካም በእጅ ማጥመድ ላይ ቢውል 150 ዓሣ ያስገኝ ነበር። መሣሪያው በቀን 27 ዓሣ የሚጨምር ከሆነ ወጪውን በስድስት ቀን ውስጥ መልሷል። ታዲያ ሌሎቹ አጥማጆች ያንኑ መሣሪያ ለመሥራት ለምን አይረባረቡም? ቢረባረቡስ ብልጫው እስኪጠፋ ድረስ የሚሄዱት ወይስ ከዚያ በፊት የሚያቆማቸው ነገር አለ? ሮሸር ብዙ ዓሣ እንደሚያዝ አሳይቷል፤ ከወጪው በላይ የሆነ ዋጋ ከየት እንደመጣ ግን አላሳየም። ይህን ልዩነት ከዚያ በፊት በሦስትና በአራት መጻሕፍት አንብቤው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ገላጭ ሆኖ አላገኘሁትም።

ስለ እንግሊዛዊው ናሳው ሲኒየር የተሰጠው ገለጻ አጠር ያለ ነው። ሲኒየር እ.ኤ.አ. በ1836 ወለድ የመታቀብ፣ ማለትም ያለውን ዛሬ ሳይበሉ የማቆየት፣ ዋጋ ነው ብሎ ነበር፣ ጀርመናዊው ሶሻሊስት ፈርዲናንድ ላሳል ደግሞ የአውሮፓን ባለጸጎች እንደ ባሕታውያን አስመስሎ በማቅረብ ሐሳቡን መሳለቂያ አድርጎታል። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አልፍሬድ ማርሻል በኋላ ቃሉን ወደ «መጠበቅ» የለወጠው ከዚህ ዓይነት ፌዝ ለመሸሽ ነው።

ማርክስ ላይ ሲደረስ የአዳራሹ መንፈስ ተለወጠ። በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ ያለፉ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከኛ ጋር ይማሩ ስለነበር፣ ትርፍ እሴትን ከአስተማሪው በተሻለ ቅልጥፍና አስረዱ። አስተማሪው በትሕትና «ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ቢጨርሱት ይሻላል» ብሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። የሠራተኛው ጉልበት ከሚከፈልበት ደመወዝ በላይ እሴት እንደሚፈጥር፣ ወለድም ከዚያ ትርፍ እሴት ተቆርሶ ለገንዘብ አበዳሪው የሚሰጥ ድርሻ እንደሆነ እ.ኤ.አ. ከ1867ቱ የመጀመሪያ ቅጽ ተነሥተው ከማርክስ ሞት በኋላ የሥራ ባልደረባው ኤንግልስ በ1894 እስካወጣው ሦስተኛ ቅጽ ድረስ ተረኩት። ከዚያ አስተማሪው የቦም-ባቨርክን የ1896 ትችት አነሣ፦ እሴት የሚፈጥረው ጉልበት ብቻ ከሆነ፣ ብዙ ማሽንና ጥቂት ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ትንሽ ሊያተርፍ ይገባዋል፤ በገበያው የሚታየው ግን የትርፍ ምጣኔው ወደ እኩልነት ሲያዘነብል ነው። ማርክስ ለዚህ የሰጠው መልስ፣ ማለትም እሴት ወደ ምርት ዋጋ የሚለወጥበት ስሌት፣ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለው ክርክር ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዘለቀ። ሁለቱም ወገን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ መከራከሩን ማየት ለእኔ ከትምህርቱ የማይተናነስ ነገር ነበር።

የቦም-ባቨርክ የራሱ መልስ ሦስት እግር አለው። ሰው ነገ የተሻለ ገቢ እንደሚያገኝ ስለሚጠብቅ የዛሬዋን ብር ከነገዋ አስበልጦ ያያታል፤ ከዚህም ሌላ ወደፊት የሚመጣ ችግርና ደስታ በዓይኑ ስለሚያንስበት ለዛሬ ያደላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ረዘም ያለ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ የሚከተል፣ ማለትም መጀመሪያ መሣሪያውን ሠርቶ በኋላ በእሱ የሚያመርት፣ አመራረት በጥበብ ከተመረጠ ብዙ ስለሚያስገኝ፣ ያን መንገድ ለመጀመር የሚያስችለው የዛሬ ዕቃ ብልጫ ይኖረዋል። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፊሸር ሦስተኛውን ምክንያት ራሱን ችሎ የሚቆም ነው ብሎ አልተቀበለም፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ1930 በጨረሰው ሥራው ወለድን የሰው ትዕግሥት ማጣትና የመዋዕለ ንዋይ ዕድል የሚገናኙበት ነጥብ አድርጎ ነው የሣለው።

ይህን ለማሳየት የተሰጠው ልምምድ የባሕር ዛፍ ነበር፤ ባሕር ዳር ዙሪያ ላለ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ገበሬ በማሳው ላይ የተከለው ዛፍ በአራተኛው ዓመት ቢቆረጥ 100 ሺህ ብር፣ በአምስተኛው 130፣ በስድስተኛው 156፣ በሰባተኛው 175፣ በስምንተኛው 190 ሺህ ብር ያወጣል እንበል። ዋጋው በመጀመሪያ 30 በመቶ፣ ቀጥሎ 20፣ ከዚያ ወደ 12፣ በመጨረሻም ከ9 በመቶ በታች እያደገ መሄዱ ነው። ገበሬው የሚበደርበት ወይም ገንዘቡን አስቀምጦ የሚያገኝበት ወለድ 15 በመቶ ከሆነ በስድስተኛው ዓመት ይቆርጣል፣ 10 በመቶ ከሆነ ግን እስከ ሰባተኛው ይታገሣል። የወለዱ ምጣኔ የምርቱን ዘመን ሲያሳጥርና ሲያስረዝም በዓይን ይታያል። ልምምዱ አንድ ነገር ዘንግቷል፦ ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ መሬቱም ባዶውን አይቀርም። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲዘገይ ሁለተኛውም አብሮ ስለሚዘገይ፣ የመሬቱ ዋጋ ሲታሰብ ትክክለኛው የመቁረጫ ጊዜ ቀደም ይላል። ይህን ጀርመናዊው የደን ባለሙያ ማርቲን ፋውስትማን እ.ኤ.አ. በ1849፣ ማለትም ቦም-ባቨርክ ከመወለዱ በፊት አስልቶት ነበር። በሚቀጥለው ዙር አንድ ተጨማሪ ዓምድ በሠንጠረዡ ላይ ቢጨመር ጉድለቱ ይሞላል።

የባንክ ሠራተኞቹ ተማሪዎች የነቁት የፊሸር ሌላው ሐሳብ፣ የስም ወለድና እውነተኛ ወለድ ልዩነት ሲነሣ ነው። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብርን የምንዛሪ ዋጋ ሲቀንስ የቁጠባን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ ያለፈባቸው ወራት ነበሩ። በ7 በመቶ የተቀመጠ 100 ብር ከዓመት በኋላ 107 ይሆናል፤ ዋጋ በ30 በመቶ ከናረ ያ 107 ብር የሚገዛው ቀድሞ በ82 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ቆጣቢው ወለድ እየተቀበለ ሳይሆን ገንዘቡን ስላስቀመጠ እየከፈለ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ሰው ለምን ያስቀምጣል የሚለው ጥያቄ ወደ እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ ወሰደን፤ ኬይንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ወለድን ለመታቀብ የሚከፈል ሳይሆን ጥሬ ገንዘብን በእጅ ይዞ ከመቆየት ለመለየት የሚከፈል ዋጋ አድርጎ ነበር ያየው። ስዊድናዊው ክኑት ቪክሴል እ.ኤ.አ. በ1898 ያስተዋወቀው የተፈጥሯዊ ወለድ (ቁጠባና መዋዕለ ንዋይ የሚመጣጠኑበት ምጣኔ) እና የባንክ ወለድ (ባንክ በእርግጥ የሚያስከፍለው) ልዩነትም እዚሁ ገባ፤ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ ይዞ የገንዘብ ፖሊሲውን በወለድ ምጣኔ ወደሚመራበት አዲስ አሠራር መግባቱ የቪክሴልን ጥያቄ ለእኛም የዕለት ጉዳይ አድርጎታል። ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ታጭቆ መሰጠቱ ግን የመጣደፉ መጀመሪያ ነበር።

ጣሊያናዊው ፒዬሮ ስራፋ እ.ኤ.አ. በ1932፣ ባንኮች ወለዳቸውን ከተፈጥሯዊው ወለድ ጋር ያስማሙ በሚለው በኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ሃየክ ላይ የሰነዘረው ትችት በእኔ ግምት የሙሉ ቀን ትምህርት የሚገባው ሆኖ ሳለ በሩብ ሰዓት አለፈ። ስራፋ ያለው፣ ገንዘብ በሌለበት ዓለም አንድ ተፈጥሯዊ ወለድ የለም፣ በዕቃው ቁጥር ልክ ብዙ ወለድ ሊኖር ይችላል ነው። ለፎገራ ሩዝ አምራች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በክረምት አንድ ኩንታል ሩዝ ተበድሮ ከመከር በኋላ አንድ ኩንታል ከ20 ኪሎ የሚመልስ ገበሬ በሩዝ ሲለካ 20 በመቶ ወለድ ከፍሏል። በክረምት ኩንታሉ 6,000 ብር፣ ከመከር በኋላ 4,500 ብር ቢሆን ደግሞ፣ የተቀበለው የ6,000 ብር እህል፣ የመለሰው የ5,400 ብር እህል ነው፤ በብር ሲለካ ወለዱ ከዜሮ በታች 10 በመቶ ሆነ። ያው አንድ ብድር ነው። ባንኩ ከየትኛው ወለድ ጋር እንዲስማማ ነው ሃየክ የሚመክረው ብሎ መጠየቅ ያለበት ቦታ እዚህ ነበር፣ ግን የሚቀጥለው ገጽ ተገለጠ።

የሁለቱ ኬምብሪጆች ክርክር፣ ማለትም በእንግሊዙ ኬምብሪጅ በእነ ጆአን ሮቢንሰንና ስራፋ፣ በአሜሪካው ኬምብሪጅ ደግሞ በእነ ፖል ሳሙኤልሰን መካከል ካፒታል እንደ አንድ መጠን ሊለካ ይችላል ወይ በሚለው ላይ የተካሄደው ሙግት ያገኘው ዕጣ ከዚህም የባሰ ነው። መምህሩ «አስቸጋሪ ሒሳብ አለበት» ብሎ አልፎታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም፤ ሳሙኤልሰን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ሽንፈቱን ሲቀበል የተጠቀመበት ምሳሌ በአንድ ገጽ ያልቃል። አንድን መጠጥ ለማምረት ሁለት ዘዴ አለ እንበል። የመጀመሪያው ከሁለት ዘመን በፊት 7 ሠራተኛ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ከሦስት ዘመን በፊት 2፣ ከአንድ ዘመን በፊት ደግሞ 6 ሠራተኛ ይፈልጋል። ወለድ ባይኖር የመጀመሪያው 7፣ ሁለተኛው 8 ስለሚያስወጣ የመጀመሪያው ይመረጣል። ወለዱ ከፍ እያለ ሄዶ 50 በመቶ ሲደርስ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፣ ከዚያ በላይ ሁለተኛው ይረክሳል። ወለዱ 100 በመቶን ሲያልፍ ግን የመጀመሪያው ዘዴ ተመልሶ ይመጣል። እንግዲህ «ወለድ ሲቀንስ አመራረቱ ካፒታል ይበዛበታል፣ ዙሪያ ጥምጥሙም ይረዝማል» የሚለው የቦም-ባቨርክ ስሌት በጥቅሉ አይሠራም ማለት ነው፤ ያው ዘዴ በዝቅተኛም በከፍተኛም ወለድ ተመራጭ ከሆነ፣ ከሁለቱ የትኛው ካፒታል የበዛበት ነው? ከላይ ያየነው የባሕር ዛፍ ልምምድ ዛፉን አንድ ጊዜ ተተክሎ አንድ ጊዜ እንደሚቆረጥ አድርጎ ስለሚወስድ ይህን ችግር አያሳይም፤ ተማሪው ከባሕር ዛፉ ተነሥቶ ስለ መላው ኢኮኖሚ እንዳይደመድም መጠንቀቂያው ይህ ምሳሌ ነበር፣ እሱ ደግሞ ተዘለለ።

ከአገር ውስጥ አሳቢዎች ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አለመነሣቱም አስገርሞኛል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው ሥራው ስለ ሥራ፣ ስለ እውቀትና ስለ ሀብት ምንጭ በአማርኛ የጻፈ፣ ማሽንና እውቀት ያለው ሕዝብ ከሌለው ጋር ሲነግድ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ያስተዋለ ሰው ነው። ስለ ካፒታል በአማርኛ ለሚያስተምር ሰው ከእሱ የቀረበ መነሻ የለም። ከወለድ ነፃ ባንክ የተነሣው ጥያቄም በቂ መልስ አላገኘም። አንድ ወጣት ተማሪ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ የሚሸጥበት የሙራባሓ አሠራር ከወለድ በምን እንደሚለይ ሲጠይቅ፣ መምህሩ «ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ነው» ብሎ ዘጋው። ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብም ነው፤ በእስልምና ሕግ በሽያጭ ውስጥ የዱቤው ዋጋ ከእጅ በእጁ ሊበልጥ ይችላል፣ በገንዘብ ብድር ላይ የሚጨመር ግን የተከለከለ ነው፤ ሻጩ ዕቃውን በባለቤትነት ይዞ አደጋውን መሸከሙ ልዩነቱን ይፈጥራል ወይስ አይፈጥርም የሚለው ክርክር ከአኩዊናስ ክርክር ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። አገልግሎቱ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተፈቀደ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በየባንኩ መስኮት ተከፍቶለት እያየን በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፍ አልነበረበትም።

አዳራሹ ንጹሕ ነው፤ ወንበሮቹ ግን ለተማሪ ቤት የተሠሩ ስለሆኑ ለትልቅ ሰው ወገብ አይመቹም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣል፣ ድምፁ ግን ከኋላ ለተቀመጠ ሰው የመምህሩን ንግግር ይውጠዋል፤ ከፊት መቀመጥ ይሻላል። አመሻሹ ላይ መስኮቱ ካልተዘጋ የሐይቁ ትንኝ ይገባል። የሚታደለው ጥራዝ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፣ ቃላቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይለዋወጡም፤ ሠንጠረዦቹ ግን በፎቶ ኮፒ ብዛት ደብዝዘው ቁጥሮቹ አይነበቡም። ኢኮኖሚክስ ጨርሶ ያልተማረ ሰው ሊከታተለው ይችላል፣ መቶኛ ማስላትን ግን መልመድ ይኖርበታል። ብድር እንዴት እንደሚገኝ ለማወቅ የሚመጣ ሰው ግን ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል።

ስለ ክፍያው ምዝገባ ሲካሄድ ማንም የማይነግረውን ልናገር። በአንድ ጊዜ ለሚከፍል 1,800 ብር ነው፤ በሦስት ወር ለሚከፍል በየወሩ 650፣ በድምሩ 1,950 ብር ነው። ልዩነቱ 150 ብር ብቻ ስለሚመስል ብዙዎቻችን በየወሩ መክፈልን መረጥን። ነገር ግን የመጀመሪያው 650 ብር የሚከፈለው በምዝገባው ቀን ስለሆነ፣ ተማሪው በእርግጥ የተበደረው 1,150 ብር ሲሆን የሚመልሰው በአንድና በሁለት ወር ውስጥ 1,300 ብር ነው። ሲሰላ በወር 8.6 በመቶ ገደማ፣ በዓመት ከ100 በመቶ የሚያልፍ ወለድ ይሆናል። በስሙ ይህ የዱቤ ሽያጭ እንጂ የገንዘብ ብድር አይደለም፤ የሙራባሓውን ጥያቄ ያነሣው ወጣት ስሌቱን ሠርቶ ለመምህሩ ሲያሳየው፣ መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ዙር ልምምድ እንደሚያደርገው ነገረው። 1,800 ብር በእጁ ያለው ሰው በአንድ ጊዜ ይክፈል፤ የሌለው ከእቁቡ ወይም ከዘመድ ቢበደር ይረክስለታል። ምዝገባው በሥራ ቀናት እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ነው።